ከዜሮ ላይ አንድ ሲቀነስ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ግራ ቀኙ ነጭ ይለብሳል። ነጠላው፣ ኩታው፣ ጋቢው፣ ጥለቱ የደመቀው የሐበሻ ቀሚስ በየሱቁ በራፍ ተሰቅሏል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ግቢዎች ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ሰድዶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። የብዙው ሸማኔ ሥር ከጋሞ ደጋ ነው። በጉለሌ ክፍለ ከተማ የጨርቅ ንግድ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ይኸው ሰፈር ነው።

የዚህ ገበያ ዓመት የሚቆጠረው በበዓላት ነው። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገናና ጥምቀት መቼ እንደሚውሉ ማንም ያውቃል። ፋሲካ ግን ይንቀሳቀሳል፤ ቢፈጥን መጋቢት 26፣ ቢዘገይ ሚያዝያ 30 ይውላል። ድርና ማግ ገዝቶ ለሸማኔ የሚያስጀምር ነጋዴ በዓሉ ከመድረሱ ወራት አስቀድሞ ቀኑን ማወቅ አለበት። ሁለት ሳምንት የተሳሳተ ሰው ወይ ዕቃው ሳይደርስለት ገበያው ያልፍበታል፣ ወይ ገንዘቡ በጨርቅ ታስሮ ይቀመጣል።

እዚያው ሰፈር፣ ከሸማኔዎቹ ግቢ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ስሙን እንዳልጠቅስ የጠየቀኝ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ለሱቆች የሚሆን ፕሮግራም ይሠራል። ትእዛዝ ይመዘግባል፣ ሒሳብ ይይዛል፣ የመጪዎቹን በዓላት ቀን ያሳያል። የሚጽፈው ረስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ረስት እንደ ሲና እንደ ጎ ሁሉ ኮዱ አስቀድሞ በኮምፓይለር ተፈትሾ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለወጥበት ቋንቋ ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ ዕትሙ የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነበር። ልጁ ረስትን የመረጠበትን ምክንያት ስጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፦ «ኮምፓይለሩ ይጨቀጭቀኛል። ደንበኛ ከሚጨቀጭቀኝ እሱ ይሻላል።»

የፋሲካን ቀን የሚያወጣው ክፍል ከሃምሳ መስመር አይበልጥም። ቀመሩ ግን የራሱ አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብ ነው። ትውፊቱ ይህን ቀመር ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። የሥነ ፈለክ ታሪክ ተመራማሪው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የዘመን ቆጠራ ሒሳብ መጽሐፍ አሳትሟል፤ የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም «ባሕረ ሐሳብ» የተባለ መጽሐፍ ጽፈዋል። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በአብያተ ክርስቲያናት የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት የሚታወጁት በዚህ ስሌት ነው።

ስሌቱን በ2018 ዓ.ም. እንየው። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲገደፍ፣ ማለትም ሲካፈል፣ 13 ይተርፋል። ከተረፈው ላይ አንዱ ለያዝነው ዘመን ይቀነስና 12 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይገኛል፤ 12። በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል፤ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው፤ 30 ካልሆኑ የቆጠረው ሰው ተሳስቷል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ መስከረም ላይ፣ ካነሰ ጥቅምት ላይ ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነው፤ ለየሳምንቱ ቀን የተመደበው ተደማሪ ተውሳክ ይባላል፣ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7፣ 25። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል የነነዌ ጾም በጥር (በጥቅምት ሲውል በየካቲት) ስለሚገባ ጥር 25 ሰኞ ነነዌ ይሆናል። ከነነዌ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ላይ ያርፋል።

ልጁ ይህን ሁሉ በኮድ ጽፎ ያለፉትንና የሚመጡትን ዓመታት በወረቀት አተመ። ወረቀቱንም ይዞ ጎረቤቱ ወደሆኑት መምህር ሄደ፤ በሰፈሩ ሁሉም የኔታ ነው የሚላቸው። እኔም ተከትዬው ገባሁ።

«የኔታ፣ እስቲ ይመልከቱልኝ፤ ካልተሳሳትኩ ልክ ነው።»

የኔታ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ወረዱ። 2003፣ 2004፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። 2005 ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ምን አልክ? ሚያዝያ 13?»

«ኮምፒውተሩ ያወጣው ነው፣ የኔታ።»

«ኮምፒውተሩ ያውጣው እንጂ እኔ እዚሁ ነበርኩ! የዚያን ዓመት ጊዮርጊስ ሰሙነ ሕማማት ውስጥ ነው የገባው። ሚያዝያ 23 ረቡዕ፣ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 27። አንተ ልጅ፣ ነነዌ በምንገባበት ቀን ዐቢይ ጾም አስገባኸን እኮ።»

እውነታቸውን ነው። በ2005 ነነዌ የገባው የካቲት 18 ሰኞ ነበር፤ ፕሮግራሙ በዚያው ቀን ዐቢይ ጾምን አስጀምሯል። የገረመኝ ስህተቱ ምንም ስህተት አለመምሰሉ ነው። ፕሮግራሙ አልተቋረጠም፣ ማስጠንቀቂያ አልሰጠም። ያወጣው ሚያዝያ 13 እሑድ ነው፤ ፋሲካ ሊውልባቸው ከሚችሉት ቀኖችም ውስጥ ነው። ያን ወረቀት ሽሮ ሜዳ ላይ ለማንም ነጋዴ ብትሰጡት አጣጥፎ ኪሱ ይከተው ነበር።

ወደ ክፍሏ ተመልሰን ላፕቶፑን ከፈተና ስሌቱን ደረጃ በደረጃ አሳየኝ። 2005 ሲደመር 5500፣ 7505። ለ19 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም፤ ዜሮ። ቀጥሎ ያለው መስመር ከተረፈው ላይ አንድ ቀንስ ይላል።

የኔታን ብትጠይቋቸው እዚህ ላይ አያመነቱም። ምንም ካልተረፈ ወንበሩ 18 ነው፤ ዙሩ ስለሞላ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ነን። ማሽኑ ግን ስለ ወንበር የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው 32 ቢት ስፋት ያለው፣ ከዜሮ በታች መውረድ የማይችል ቁጥር እንደተሰጠው ብቻ ነው። ዓመት ኔጌቲቭ ስለማይሆን ልጁ የመረጠው የቁጥር ዓይነት ይህ ነበር፤ አስተዋይ የሚመስል ምርጫ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ልክ እንደ አሮጌ የመብራት ቆጣሪ ነው፤ 99999 ሲሞላ ወደ 00000 ይዞራል፣ ከ00000 አንድ ወደ ኋላ ብታዞሩት ደግሞ 99999 ይላል። በ32 ቢት ከዜሮ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው 4,294,967,295 ነው።

ከአራት ቢሊዮን በላይ የሆነ ወንበር! እዚህ ላይ አንድ ሰው ቁጥሩን ቢያየው ይስቅ ነበር። ግን ማንም አያየውም። በ11 ሲባዛ እንደገና ሞልቶ ይዞራል፣ ለ30 ሲገደፍም 5 ይተርፋል። በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ 27። አበቅቴ 5፣ መጥቅዕ 27። የዋህ የሚመስሉ፣ ከ30 በታች የሆኑ ቁጥሮች ናቸው። መስከረም 27 እሑድ፤ ተውሳክ 7፤ ድምሩ 34፤ ከ30 ስላለፈ የካቲት 4፤ ከዚያ 69 ቀን፣ ሚያዝያ 13። ግዙፉ ቁጥር በሁለት መስመር ውስጥ ታጥቦ ጨዋ ሆነ። ዱካውን የተወው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ 5 እና 27 ሲደመሩ 32 ናቸው። 30 መሆን አለባቸው የሚለውን የሊቃውንት መፈተሻ ልጁ ኮዱ ውስጥ አላስገባውም ነበር።

ረስት ዝም አለ ማለቱ ሙሉ እውነት አይሆንም። በሙከራ ጊዜ በሚሠራበት አኳኋን እንዲህ ያለ ቅነሳ ሲያጋጥመው ፕሮግራሙን አቁሞ ይጮሃል። ለደንበኛ በሚሰጠው፣ ፍጥነት በሚፈለግበት አኳኋን ግን እንደ ቆጣሪው በዝምታ ይዞራል። ልጁ በሙከራ ጊዜ ያየው 2016ን፣ 2017ንና 2018ን ነበር፤ ዜሮ የሚተርፍባቸው ዓመታት ደግሞ በ19 ዓመት አንዴ ነው የሚመጡት። ቋንቋው ጩኸቱን ለሙከራ፣ ዝምታውን ለገበያ ማድረጉ ለእኔ አይዋጥልኝም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ እያንዳንዱን መደመርና መቀነስ መፈተሽ ጊዜ ይወስዳል። ሽሮ ሜዳ ላለ ሱቅ ግን ያ ጊዜ ማን ይሰማዋል?

በዚህ መንገድ የወደቁት ትንንሽ ፕሮግራሞች ብቻ አይደሉም። ጁን 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ከኩሩ የማስወንጨፊያ ጣቢያ የተተኮሰችው አሪያን 5 ሮኬት ከተነሳች ከ37 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ከመስመሯ ወጥታ ፈነዳች። በ64 ቢት የተያዘ የአግድም ፍጥነት ነክ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲለወጥ አልበቃውም ነበር። ነገሩን መራራ የሚያደርገው ፕሮግራሙ የተጻፈው በአዳ መሆኑ ነው፤ አዳ በቁጥር ዓይነት ጥብቅነቱ የሚታወቅ ቋንቋ ነው። ለዚህ አደጋ ከተጋለጡ 7 ቁጥሮች 4ቱ ጥበቃ ተደርጎላቸው ነበር። ሦስቱ የማሽኑን ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ያለ ጥበቃ ቀሩ፤ ሮኬቷን የጣለው ከእነዚህ አንዱ ነው።

ወደ አገራችን ቀረብ ያለም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ቦይንግ 787ን የተረከበው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለዚህ ዓይነት አውሮፕላን አንድ መመሪያ አወጣ፤ ኃይሉ ሳይቋረጥ 248 ቀን ከቆየ በጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ውስጥ ያለ ቆጣሪ ይሞላና መቆጣጠሪያዎቹ ኃይል መስጠት ሊያቆሙ ይችላሉ የሚል። 248 ከየት መጣ? ምልክት ያለው 32 ቢት ቁጥር እስከ 2,147,483,647 ይቆጥራል። በሴኮንድ መቶኛ ብታሰሉት 248 ቀን ተኩል ያህል ነው። ሒሳቡ ከሽሮ ሜዳዋ ክፍል ጋር አንድ ነው።

ታዲያ ፕሮግራመሮች ምን ያደርጋሉ? መልሱ ትንንሽ ረዳት ፈንክሽኖች ናቸው። አንድ ትልቅ ሥርዓት ሲወድቅ ስማቸው የማይነሳ፣ ሲሠራም የማይመሰገኑ ናቸው፤ ከሁለት ቁጥር ትንሹን የሚመርጥ፣ ቁጥርን በወሰን ውስጥ የሚይዝ፣ ሁለት ቁጥር የሚያወዳድር። እንዲህ ያለ ነገር ምን ይከብዳል ይባል ይሆናል። በሲ ቋንቋ ምልክት ያለውን -1 ምልክት ከሌለው 1 ጋር ብታወዳድሩ -1 ይበልጣል የሚል መልስ ታገኛላችሁ፤ -1 ወደ ሌላው ዓይነት ሲለወጥ ያንኑ አራት ቢሊዮን ምናምን ይሆናልና። ሲ ፕላስ ፕላስ ዓይነታቸው የተለያየ ኢንቲጀሮችን በትክክል የሚያወዳድሩ ፈንክሽኖችን በመደበኛ ቤተ መጻሕፍቱ ያስገባው በ2020 እ.ኤ.አ. ዕትሙ ነው። በጎ ቋንቋ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የነበረው ትንሹን መራጭ ፈንክሽን ለአሥርዮሽ ቁጥር ብቻ የተሠራ ነበር። ኢንቲጀር ያለው ሰው ወደ አሥርዮሽ ለውጦ ይጠራውና መልሶ ይለውጠዋል። ቁጥሩ ከ9,007,199,254,740,992 ካለፈ ግን መጨረሻው አሃዝ ሊጠፋ ይችላል፤ 16 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ለሚይዝ ሥርዓት ይህ ቀልድ አይደለም። ቅደም ተከተል ላለው ዓይነት ሁሉ የሚሆን፣ ዓይነቱንም የማይቀላቅል ትንሹን መራጭ በጎ ውስጥ አብሮ የተወለደ ፈንክሽን የሆነው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለት ቁጥር ትንሹን ለመምረጥ!

ረስት በዚህ በኩል ለጋስ ነው። ለአንድ ቅነሳ ብቻ ብዙ ፈንክሽን አዘጋጅቷል። አንዱ ቅነሳው ካልተቻለ «መልስ የለም» ብሎ ይመልሳል፣ አንዱ ዜሮ ላይ ቆሞ አልወርድም ይላል፣ አንዱ ሆን ብሎ እንደ ቆጣሪው ይዞራል። እነዚህን ሲጠቀም ፕሮግራመሩ ምን እንደፈለገ በስም ይጠራል። ልጁ መጀመሪያ የሞከረው ዜሮ ላይ የሚቆመውን ነበር። ወንበር ዜሮ፣ አበቅቴ ዜሮ፤ መጥቅዕ ዜሮ ሲሆን 30 ስለሚባል ድምሩ 30፤ መፈተሻውን አለፈ። ፋሲካ? ሚያዝያ 13። ያው።

ቀጥሎ ወደ ኔጌቲቭ የሚወርድ ዓይነት ቀየረና ሬም ዩክሊድ የሚባለውን ፈንክሽን አመጣ። በሲ፣ በጃቫ፣ በጎና በረስት በተለመደው መንገድ -11 ለ30 ሲገደፍ -11 ይተርፋል ይላሉ። ሬም ዩክሊድ ግን ቀሪው መቼም ከዜሮ በታች እንዳይሆን አድርጎ 19 ይላል፤ ፓይተን በተለመደው ምልክቱ ከሚሰጠው ጋር አንድ ነው። በዚህ መንገድ ወንበር -1፣ አበቅቴ 19፣ መጥቅዕ 11 ሆነ። ድምሩ 30። ጥቅምት 11 እሑድ፣ ተውሳክ 7፣ የካቲት 18፣ ሚያዝያ 27። የኔታ ያሉት ቀን! 2024ንም ሞከረ፤ ከ2005 ቀጥሎ ዜሮ የሚተርፍበት ዓመት ነው። ሚያዝያ 24 አለ፤ ልክ ነው።

«አበቃ» አለኝ ልጁ። የኔታ ግን፣ አዲሱን ውጤት ይዘን ወደ እሳቸው ስንመለስ፣ አበቅቴውንም ጠየቁ።

«19? በ2005 አበቅቴ 18 ነው፣ መጥቅዕ 12።»

«የኔታ፣ ፋሲካው ግን ልክ መጣ።»

«ቢመጣም አበቅቴው አይደለም። -1 የሚባል ወንበር የት አየህ?»

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ የመላውን የኮምፒውተር ትምህርት ፍሬ ነገር ይዛለች ብል አላጋነንኩም። ልጁ እስካሁን የሠራው ቁጥሩ እንዳይሞላ፣ እንዳይዞር፣ ኔጌቲቭ እንዳይተርፍ መጠበቅ ነበር። ለማሽኑ የሚሆን ጥንቃቄ ነው። ወንበር ግን ተራ ቁጥር አይደለም፤ ከ0 እስከ 18 ብቻ ነው፤ ለ19 እንጂ ለ30 የሚገደፍ ነገር አይደለም። በአዳ ቢሆን ይህን ወሰን በአንድ መስመር አውጆ ቋንቋው ራሱ እንዲጠብቀው ማድረግ ይቻላል። በረስት ልጁ «ወንበር» የሚል አዲስ ዓይነት ፈጠረ። ውስጡ ያለውን ቁጥር ከውጭ ማንም እንዳይነካው ዘጋው፤ መፍጠሪያ በሩም አንድ ብቻ ሆነ፤ በዚያ በር -1 ቢመጣ ለ19 ተገድፎ 18 ሆኖ ይገባል። አበቅቴና መጥቅዕ የሚያወጡት ፈንክሽኖች ከእንግዲህ ወንበር እንጂ ሌላ አይቀበሉም። ሆን ብሎ ተራ ቁጥር ሰጣቸው፤ ኮምፓይለሩ በቀይ ጽፎ አላሳልፍም አለ። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ይህ ዓይነት ራሱን የቻለ ክብደት የለውም፤ ማሽኑ የሚያየው ያንኑ ትንሽ ቁጥር ነው።

እግረ መንገዱን ዓመተ ምሕረትንና ዓመተ ዓለምንም ለየ። ትርፍ ሥራ የሚመስል ነገር ነው፤ ሁለቱም ዓመት፣ ሁለቱም ቁጥር ናቸው። አንድ ሰው 5500ን መደመር ረስቶ 2005ን በቀጥታ ለ19 ቢገድፍስ? 10 ይተርፋል፣ ወንበር 9፣ አበቅቴ 9፣ መጥቅዕ 21። ድምሩ 30፤ መፈተሻው ያሳልፈዋል። ፋሲካው ሚያዝያ 6 ይወጣል፤ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ ደግሞም እሑድ። ጃቫ ላይ የሚሠሩ የሚያውቁት ጆዳ ታይም የሚባለው የቀን ቤተ መጻሕፍት የራሱ የኢትዮጵያ አቆጣጠር አለው። የዩኒኮድ ማኅበር የቀን አቆጣጠር ዝርዝርም ዓመተ ምሕረትንና ዓመተ ዓለምን በሁለት የተለያዩ መለያዎች ይዟቸዋል፤ ይህን ያደረጉ ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ። እኛ አገር ግን «ዓመት» የሚል ዓምድ ውስጥ 2016 ተጽፎ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሰዎች የሚከራከሩበት ፋይል ያላየ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም።

ሁሉም ነገር ዓይነት ይሰጠው አልልም። የሱቁን የደንበኞች ብዛት ለማሳየት አዲስ ዓይነት የሚፈጥር ሰው ጊዜውን ያባክናል፣ ኮዱንም ማንም እንዳያነብለት ያደርጋል። ቀን፣ ገንዘብና መለኪያ ግን ሌላ ነገር ናቸው። እዚያው ገበያ ውስጥ አንዱ ጨርቁን በክንድ፣ ሌላው በሜትር ሲለካ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ለልጁ ፕሮግራም የሚነግሩት «ስምንት» ብለው ነው።

ዜሮ ላይ የሚቆመው ወዲያው ስለተጣለ፣ የቀረው ሁለተኛውን፣ ሬም ዩክሊድ የገባበትን ኮድ ማጥፋት ነበር። የኔታ ግን ፈተናው አልበቃቸውም። «532 ዓመት አውጣ» አሉት። ይህ ዐቢይ ቀመር ነው፤ 28 በ19 ተባዝቶ። በ532 ዓመት የፀሐዩም የጨረቃውም የሳምንቱም ዙር አብሮ ይመለሳል፣ ከዚያ ፋሲካዎቹ በነበሩበት ቅደም ተከተል ይደገማሉ። ፕሮግራም ፈታሾች አብዛኛውን ጊዜ የማያገኙት ዕድል ነው፤ ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ አንድ በአንድ መሞከር ይቻላል።

ልጁ ሦስቱንም ኮዶች ከ2000 እስከ 2531 አስኬዳቸው። የመጀመሪያው፣ ቆጣሪው የዞረበት፣ 28 ዓመት ላይ ተሳስቷል፤ ዜሮ በተረፈ ቁጥር ሁሉ ማለት ነው። ሦስተኛው፣ የ«ወንበር» ዓይነት ያለው፣ ምንም አልተሳሳተም። ሁለተኛው በ528ቱ ከሦስተኛው ጋር ተስማምቶ በ4ቱ ተለያየ፤ የመጀመሪያው ልዩነት 2043 ላይ ነው። አንዱ ሚያዝያ 22 ይላል፣ ሌላው ሚያዝያ 29። የኔታ ወረቀቱን ገልብጠው በእርሳስ አሰሉት፦ 7543፣ ዜሮ፣ ወንበር 18፣ መጥቅዕ 12። ጥቅምት 12 ቀን 2043 ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ የካቲት 20፤ ሚያዝያ 29። ሁለተኛው ኮድ መጥቅዑን በአንድ ስላሳነሰው ዓርብ ላይ አረፈ፤ የዓርብ ተውሳክ 2 ነው፤ የካቲት 13። በሌሎቹ ቀኖች ተውሳኩ ልዩነቱን ይውጠዋል፤ ከዓርብ ወደ ቅዳሜ ሲሻገር ብቻ ሳምንት ሙሉ ይዘላል።

ልጁ ሁለተኛውን ኮድ አላጠፋውም። ከፕሮግራሙ አውጥቶ ከፈተናዎቹ ጋር ለብቻው አስቀመጠው፤ ከእንግዲህ በኮዱ ላይ አንድ መስመር በተለወጠ ቁጥር እነዚያ 4 ዓመታት፣ 2043 ከፊት ሆኖ፣ መጀመሪያ ይሰላሉ።